የደሳለኝ ጆንያ

«አውራ ጣትህን አታስገባው! ከውጭ ይቅር! በል አሁን ምታ!»

ጌጡ መታ። ጆንያው ዷ አለ። ውስጡ ያለው ባቄላ ተንሿሿ፤ ጆንያውን ከኋላ አቅፎ የያዘው ደሳለኝም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ሕመሙ ከጌጡ የጣት አንጓዎች ተነስቶ ክርኑ ላይ ደረሰና እዚያው ተቀመጠ። ጌጡ ጥርሱን ገጥሞ ፈገግ አለ። አብዱ እንደሚለው ከሆነ ነብር ሲያመው ፈገግ ይላል።

«ድገም!» አለ አብዱ።

አብዱ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ሥልጠናው ከተጀመረ አንስቶ የነጌጡን ጓሮ የድንጋይ አጥር እንደ ወንበር ይዞ ተቀምጦ ነው የሚያሠለጥነው። አሠልጣኝ ያያል እንጂ አይመታም፤ ይህም ፊልሙ ላይ አለ። ሁሉም ነገር ፊልሙ ላይ አለ። አብዱ ከአባቱ ጋር ጨርቅ ሊገዛ ጎንደር ሄዶ ሳለ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው የኩንግ ፉ ፊልም በጣም ረጅም ሳይሆን አይቀርም፤ ካየው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ተርኮ ግን አልጨረሰውም።

የሚያስተምረው ምት «የነብር ጡጫ» ይባላል። እጅ እንደ ቦክሰኛ ሙሉ ለሙሉ አይጨበጥም። ጣቶች መሐል አንጓቸው ላይ ብቻ ይታጠፉና በዚያ በሾለው አንጓ ነው የሚመታው። ዒላማው ደግሞ ጉሮሮ ነው፤ ከማንቁርት በታች ያለችው ጎድጓዳ ቦታ። እጅ ለዚህ እስኪጠነክር ድረስ ተራ አለው፤ መጀመሪያ ተልባ፣ ቀጥሎ ሽምብራ፣ ቀጥሎ ባቄላ፣ ከዚያ አሸዋ፣ በመጨረሻ ጠጠር። ከልምምድ በኋላ ጨውና ጤና አዳም የገባበት ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግዴታ ነው። ጌጡ ባቄላ ላይ ደርሷል። አንጓዎቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ ቆዳቸው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ እሱ ብቻ ነው።

«ፊልሙ ላይ ሰውዬው ስንት ጊዜ ፈጀበት?» አለ እጁን እያራገፈ።

«ሦስት ዓመት። እሱ ግን ሩዝ ነው የሚበላው። ላንተ ቶሎ ይወጣልሃል።»

«እኛ አገር ነብር መጥቶ ያውቃል» አለ ደሳለኝ ከጆንያው ኋላ። «ፍየል ነው የወሰደው። ባቄላ ሲመታ ያየው የለም።»

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ!»

ደሳለኝ ሳቀና ያዘ። ከገሳይ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከነጌጡ ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይማራል። ስንቁ ሲያልቅ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እሁድ ጆንያውን ሞልቶ ይመለሳል። የሚደበደበው ባቄላ የሱ ስንቅ ነው። ጌጡን በዕድሜ አንድ ዓመት ያንሰዋል፤ ቁመቱና ትከሻው ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም።

የጌጡ እናት የሺ ስለ ሥልጠናው አታውቅም፤ የሚለማመዱት እሷ ከቤት ስትወጣ ነው፣ ጌጡም እጁን ይደብቃታል። የምታውቀው የደሳለኝ ባቄላ ሲዘረገፍ ግማሹ ተከክቶ መገኘቱን ነው። «የገሳይ ባቄላ መቼም ጉድ ነው» ትላለች። «ወፍጮ ሳያይ ይከካል።»

ጌጡ ይህን ሁሉ የሚችለው ለፊልም ብሎ አይደለም። ባለፈው ኅዳር ጋሼ ሙላቴ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃና ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤታቸው፣ ከታጣቂዎች ጋር መጥተው ታላቅ ወንድሙን አለሙን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ጌጡ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። የያዘው ሊዘጋው አልነበረም። ነፋስ ነበርና በሩ ሰዎቹን እንዳይመታቸው ነው የያዘው። አለሙ በአጠገቡ ሲያልፍ ጭንቅላቱን ዳበስ አድርጎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ጌጡ ስለ ጦርነቱ ብዙም አያስብም፤ የሚያስበው ስለዚያ በር ነው። ያኔ የነብር ጡጫ ቢኖረውስ ኖሮ? ጋሼ ሙላቴ አጭር ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ልክ እጁ የሚደርስበት ላይ ነበር።

«ይልቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ አብዱ ከአጥሩ እየወረደ። ድምፁ የአሠልጣኝ ድምፅ መሆኑን ተወ። «ጋሼ ሙላቴ ዛሬ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሱቃችን መጥተው ነበር። ለአባቴ ሲያወሩለት ሰማሁ። እሁድ ወጣት ሁሉ ቀበሌ ይቀርባል። ኮታው አልሞላም።»

«እኛ ተማሪ ነን» አለ ጌጡ።

«ተማሪ ያልሆነ ማን አለ? ጢሙን ላጭቶ ስድስተኛ ክፍል የሚገባ ሞልቶ የለም እንዴ! ምን አሉ መሰለህ? ‹ሁሉም ገና አሥራ አምስቴ ነው ይለኛል። እኔ አፉን አልሰማም፤ እጁን ነው የማየው። የሠራ እጅና ያልሠራ እጅ አይጠፋኝም› አሉ።»

ከዚያ አብዱና ደሳለኝ ቀስ ብለው የጌጡን እጅ አዩ። ጌጡም አየው። እጁ ከሱ በፊት የተወለደ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ደረሰችበት። ጌጡ ጓሮ ቁጭ ብሎ አንጓዎቹን በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ሲሞርድ ነበር።

«ምንድነው እሱ? አሳየኝ። አምጣው አልኩህ!»

ጌጡ ነገራት። ተልባውን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውን፣ የእሁዱን ስብሰባ። ጉሮሮውን ብቻ ዘለለው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«አንዱን ሰጥቻለሁ» አለች። ከእጁ ጋር እንጂ ከሱ ጋር የምታወራ አትመስልም። «አንዱን ሰጥቻለሁ እኮ።»

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች። ውኃ ተጣደ። ያ ቅዳሜ ደሳለኝ ስንቅ ሊያመጣ የሚሄድበት ነበር፤ ጆንያው ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነገሩን ካየ በኋላ፣

«ዛሬስ እቀራለሁ» አለ። «ውኃ የሚያፈስ ሰው ያስፈልጋል።»

ደሳለኝ ውኃውን ያፈሳል፣ የሺ ትፈገፍጋለች፣ ጌጡ ጥርሱን ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ፈገግ ማለት አልሆነለትም። የደረቀው ቆዳ እየተነሳ ሥሩ ቀይ ሥጋ ብቅ ሲል የሺ ቆም አለችና፣

«ቅቤ ቢኖር ያለሰልሰው ነበር» አለች።

«እኔ ጋ አለ፣ እትዬ» አለ ደሳለኝ። ሮጦ ሄዶ እናቱ የላከችለትን ቅቤ በትንሽ ቅል ይዞ መጣ። ክዳኑን ራሱ ከፈተው፣ በጣቱ ዛቅ አድርጎም የጌጡ አንጓ ላይ አደረገለት። ሦስቱም አጎንብሰው የሚያዩት አንድ እጅ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አብዱ ከአባቱ ዕቃ መሐል ያገኘውን ግሊሰሪን ይዞ መጣ። አጥሩ ላይ አልወጣም። መሬት ተቀመጠ።

«ጌጡ።»

«እ?»

«ፊልሙን አላየሁትም።»

የሺ መፈግፈጉን አቆመች።

«ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ነው ያየሁት። እጁን እንዲህ አድርጎ የቆመ ሰውዬ። አባቴ ጎትቶኝ አለፈ።»

«ተልባውስ?» አለ ጌጡ። «ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ተራው?»

«የአክስቴ የራቢያ ሱቅ ነው። ከበሩ ስትገባ ጆንያዎቹ በዚያ ተራ ነው የተደረደሩት።»

«አሸዋና ጠጠሩስ?»

«ከሱቋ ፊት ለፊት ቤት እየተሠራ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ደሳለኝ ነው። «አቤት! የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነህ ሥራህ መቅደድ ብቻ!» አለ። የሺም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጌጡ ዓመት ሙሉ የለፋበትን ጡጫ አብዱ ላይ ሊሞክረው ፈለገ፤ ግን እጁ በቅቤ ተለውሶ እናቱ ጭን ላይ ነበር።

«ወላሂ እንዲህ ይመጣል ብዬ አይደለም» አለ አብዱ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አለሙ ከሄደ በኋላ ከሰው ጋር ማውራት ትተህ ነበር። ይህን ስነግርህ መልሰህ ማውራት ጀመርክ። ከዚያ እንዴት ልተወው?»

ጌጡ ግሊሰሪኑን ተቀበለው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ግቢ ሞላ። ወንዶቹ ልጆች በአንድ ረድፍ ተሰለፉ፤ እናቶች በግንቡ በኩል ቆሙ። ጋሼ ሙላቴ ያሳጠሩትን ሱሪ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ከአውራጃ የመጣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ካድሬ ሲጋራውን እያጨሰ ሰዓቱን ያያል። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ሁሉንም እኩል ያንቀጠቅጣል።

አብዱ ቀደመ። ጋሼ ሙላቴ እጁን አዩና «የመርፌ ነው፣ ሂድ» አሉት። ቀጥሎ ጌጡ ነበር። ለአንጓው ሲያዘጋጅ ያደረው ውሸት ብዙ ነው፤ ወድቄ ነው፣ በር ዘግቶብኝ ነው፣ እከክ ነው። ቆዳው ተልጦ ያቃጥላል፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ጋሼ ሙላቴ እጁን ያዙና ገለበጡት። መዳፉን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው አዩት።

«እርሳስ ብቻ» አሉ። «ሂድ፣ ተማር።»

ጀርባውን አላዩትም። የሠራ እጅ የሚታየው ከመዳፉ ነው፤ እርፍም ማጭድም በአንጓ አይያዝም። ይህን ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እነሱም ያውቁት ነበር፤ ፍርሃት ነው ያስረሳቸው። ጌጡ ከረድፉ ወጥቶ እናቱ አጠገብ ሲደርስ ሳቁ መጣበት፤ አፍኖ ያዘው።

«ቀጥል! ዕድሜ?»

«አሥራ አራት ነው፣ ጋሼ» አለ ደሳለኝ።

ጋሼ ሙላቴ መዳፉን ዳበሱት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የያዘው እርፍ፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው እዚያ ነበሩ። ቀና ብለው ቁመቱን አዩት። ወደ ኋላቸው ወደ ካድሬውም አዩ።

«እኔም አሥራ አራት ነኝ» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። ጌጡም ሳቀ። አፍኖ የያዘው ሳቅ ነው፤ ቀዳዳ ሲያገኝ ወጣ። ደሳለኝ ዞር ብሎ አየው። አልተቆጣም። ጆንያው ሲመታ እንደሚያደርገው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልተመለሰም። አንድ ታጣቂ ክንዱን ይዞ ወደ አዳራሹ ወሰደው።

«ኧረ ጋሼ ሙላቴ!» የሺ ነጠላዋ እየወደቀ ሮጠች፤ ጌጡም ተከተላት። «ኧረ ሕፃን ነው! እኔ ቤት ነው ያለው፣ አውቀዋለሁ! ከዚህ ከልጄ እንኳን ያንሳል!»

«አንቺ አከራዩ ነሽ፤ ያንቺ ቃል አይያዝም» አሉ ጋሼ ሙላቴ። «ሲጠመቅ ያየ ሰው ይምጣ። አባቱ ይምጣ፤ የነፍስ አባቱ መጥቶ ይመስክርለት፣ እለቀዋለሁ። መኪናው ማክሰኞ ጠዋት ነው።» ከዚያ ካድሬው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሺ፣ ጎደለ ብዬ ብቀርብ በጎደለው ማን እንደሚገባ ታውቂያለሽ። የኔ ልጅ ሄዶ የለም ወይ? ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

ሲናገሩ ማንቁርታቸው ከጌጡ ክንድ ፊት ለፊት ከፍ ዝቅ ይላል። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ጉሮሮ ይኸውና። የጌጡ ጣቶች ሳያዛቸው መሐል አንጓቸው ላይ ታጥፈዋል። ጉሮሮው የሽማግሌ ጉሮሮ ነበር፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፣ አንድ ቦታ ላይ ምላጭ ጭሮታል። ቢመታውስ? ከኋላው የካድሬው ጉሮሮ አለ፤ ከካድሬው ኋላ ሌላ አለ፤ ከዚያም ኋላ ሌላ። ኮታው ራሱ ጉሮሮ አልነበረውም።

እጁ እንደታጠፈ ቆሞ ቀረ።

ያን ቀን የሺ ወደ ገሳይ የሚሄድ ሰው ፍለጋ በየበሩ ዞረች። አውቶቡሱ እስከ ረቡዕ አይመጣም። የገበያ ቀን አይደለም። ወጣት የሆነ ሁሉ መንገድ ላይ ይታፈሳል ተብሎ ከቤቱ አይወጣም። እሷ ጉልበቷ አያስኬዳትም፤ ብትሄድስ የደሳለኝን አገር አይታው አታውቅም። አይቶ የሚያውቀው ጌጡ ነው። አምና ለጥምቀት ደሳለኝ ይዞት ሄዶ ነበር። የነደሳለኝ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ የነፍስ አባታቸው ቤትም ከዚያው አጠገብ። ጌጡ ይህን አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችውም። ሁለቱም ያውቁታል፤ ራት ላይ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ሰኞ ገና ሲነጋ ጌጡ ወደ ደሳለኝ ክፍል ገባ። የቅቤዋ ቅል መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ተጠርጋ ባዶ ሆናለች። ጆንያው ጥግ ይዟል። በጎኑ ላይ የጌጡ አንጓ የመታው ቦታ ሳስቶ ክሩ ይታያል። የቀረውን ባቄላ እንቅብ ላይ ገለበጠው። ከሙሉው ክኩ ይበዛል። ጆንያውን አራገፈ፣ አጠፈ፣ ትከሻው ላይ ጣለው።

ሲወጣ አብዱ ጓሮው አጥር ሥር ቆሞ አገኘው። በጨርቅ የተቋጠረ ምግብ ይዟል።

«ለደሳለኝ ነው» አለ አብዱ። «አዳራሹ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቢያባርሩኝም አልሄድም።» ከዚያ ጆንያውን አየ። «ምን ልበለው?»

«ጆንያህን ወስዶታል በለው።»

እናቱ ደጃፉ ላይ ነበረች።

«የት ነው?»

«ስንቅ ላመጣ።»

«የማንን ስንቅ?»

የሺ ፊቱን አየች፣ ጆንያውን አየች፣ የተላጠ እጁን አየች። የሆነ ነገር ልትል ስትል ነፋሱ በሩን ገፋው። እጇን ሰደደችና በሩን ያዘችው። እሱ እስኪያልፍ ድረስ እንደያዘችው ቆመች።

የከተማው መውጫ ላይ ኬላው ገመድ ወጥሯል። ባዶ ጆንያ የያዘ ተማሪ ኬላ ላይ አይጠየቅም፤ ያ ግን ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሰኞ ነበር፤ መንገዱ ላይም ከሱ በቀር ሰው አልነበረም። ገመዱ አጠገብ እሳት የሚሞቅ ታጣቂ ብድግ አለ።

«አንተ! ወዴት ነህ? እጅህን አውጣ!»

የጌጡ ቀኝ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጣቶቹ እንደለመዱት ታጥፈው፣ አንጓቸው ሾሎ ጠበቁት። ጌጡ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣ፣ መዳፉን ወደ ላይ አደረገ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ገመዱ ሄደ።